ስለ ውርስ ትምህርት የተደረገ ንግግር



ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎር እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. በኦስሎ ሲሙላ 67 የተባለውን ቋንቋ ሲያወጡ፥ ክላስና ውርስ አብረው መጡ። ዛሬ እኛ የውርስን ትርጓሜ በቃላችን እንወጣዋለን፤ መቼ እንደማይገባ ግን አንጠየቅም።

በጂኦሜትሪ ካሬ ሬክታንግል ነው። በፕሮግራም ግን ካሬን ከሬክታንግል ብናወርሰው፥ ወርዱን ብቻ 5 አድርግ ሲሉት ርዝመቱንም ይለውጣል፤ ርዝመቱ እንደ ነበረ ይቆያል ብሎ ስፋት የሚያሰላው ክፍል ሁሉ ይሳሳታል። ባርባራ ሊስኮቭ በ1987 እንዳስገነዘቡት፥ በወላጁ ስፍራ የሚተካ ልጅ የወላጁን ቃል መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ መምህሮቻችንን የምንለምነው፥ ትርጓሜ ከምታስጽፉን ይልቅ እንዲህ የተበላሸ ፕሮግራም ሰጥታችሁ «አርሙ» እንድትሉን ነው። ሥራ ስንይዝ የሚጠብቀን ሌላ ሰው ጽፎት የሄደ ፕሮግራም ነውና።