በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሁለተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን የሚያጋጥም ችግር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ መሣሪያ አረጀ የሚባለው መቼ ነው? መሥራት ሲያቆም ነው ወይስ የሚሠራበት ፕሮግራም ድጋፍ ሲነሣለት? የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ገና በደኅና የሚሠሩ ብዙ ላፕቶፖች በደንቡ መሠረት ወደ እርሱ ሊሻገሩ አይችሉም። ብዙ ባለሙያዎች ፊታቸውን ወደ ሊኑክስ ያዞሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ሲስተም ፈጽሞ አጥፍቶ በአዲስ መተካት ለሁሉም አይመችም። የሂሳብ ሠራተኛው በፒችትሪ የያዘው መዝገብ አለው፤ ጸሐፊዋም በፓወር ግዕዝ የጻፈቻቸው የብዙ ዓመታት ደብዳቤዎች አሏት። ሁለቱም ፕሮግራሞች የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሲስተሞች በአንድ ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ማኖር፣ ይኸውም ለኢንተርኔት አዲሱን፣ ለአሮጌው መዝገብ የቀድሞውን መጠቀም፣ የተሻለ መፍትሔ ሆኖ ይገኛል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የተሠራ፣ 320 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ይወሰድ። ባለቤቱ ከሲ ድራይቭ 100 ጊጋባይት ቀንሶ ባዶ ቦታ ያዘጋጃል። ሊኑክስን በፍላሽ ሲያስነሣ ግን ጫኚው ፕሮግራም ያንን ባዶ ቦታ «ጥቅም ላይ ሊውል የማይችል» ይለዋል። ቦታው አለ፤ ነገር ግን አይያዝም። ብዙዎች በዚህ ጊዜ መሣሪያው አርጅቷል ብለው ይፈርዳሉ።

የነገሩ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የዚህ ዘመን ዲስኮች የሚከፋፈሉት እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር በመጣው ኤምቢአር በተባለ ሥርዓት ነበር። የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል 512 ባይት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ለክፍፍሉ ሠንጠረዥ የተመደበው 64 ባይት ብቻ ነው። እያንዳንዱ መስመር 16 ባይት ስለሚወስድ ሠንጠረዡ ከአራት ዋና ፓርቲሽን በላይ አይመዘግብም። አንዳንድ ላፕቶፕ ሠሪዎች ደግሞ አራቱንም አስቀድመው ይይዟቸዋል፤ አንዱን ለማስነሻ፣ አንዱን ለሲ ድራይቭ፣ አንዱን ለመልሶ ማቋቋሚያ፣ አንዱንም ለራሳቸው መሣሪያዎች። ስለዚህ የጠፋው ቦታ ሳይሆን መስመር ነው።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ቀጥሎ ነው። ባለቤቱ ወደ ዊንዶውስ ተመልሶ አምስተኛ ክፍል ልፍጠር ቢል፣ ፕሮግራሙ ዲስኩን ወደ ዳይናሚክ ዲስክ ልለውጠው ሲል ይጠይቀዋል። እሺ ካለ፣ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናል። ሊኑክስን መጫን ከቀድሞው ይብስ ይከብዳል፤ በዊንዶውስ መሣሪያ ወደ ቀድሞው መልክ ለመመለስም በዲስኩ ላይ ያሉትን ክፍሎች በሙሉ ማጥፋት ያስፈልጋል። የአሥር ዓመት መዝገብ የሚጠፋው በዚህ ዓይነት አንድ ጠቅታ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ረጋ ያለ ነው። በመጀመሪያ ሰነዶቹ ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይገለበጣሉ፤ ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይረጋገጣል። ከዚያ የሠሪው መሣሪያዎች ያሉበት ትንሽ ክፍል ተገልብጦ ይሰረዛል። በተለቀቀው መስመር ኤክስቴንድድ የሚባለው ፓርቲሽን በባዶው ቦታ ላይ ይፈጠራል። ይህ ክፍል በውስጡ ሌሎች ብዙ ክፍሎችን ሊይዝ ስለሚችል፣ ሊኑክስ ያለ ጭንቀት ይገባበታል።

ሁለተኛው መሰናክል የማስነሻው ዘዴ ነው። በሽግግሩ ዓመታት የተሠሩ ላፕቶፖች በባዮስም በዩኢኤፍአይም ሊነሡ ይችላሉ። ዊንዶውስ በአንዱ ተጭኖ ሊኑክስ በሌላው ቢጫን፣ ሁለቱም በዲስኩ ላይ እያሉ ከአንድ ማውጫ መርጦ ማስነሣት አይቻልም። በዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን በተባለው መስኮት «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር አስቀድሞ ማንበብ የብዙ ሰዓት ድካም ያድናል። አንጎለ ኮምፒዩተሩ ባለ 64 ቢት መሆን አለመሆኑም አስቀድሞ መታየት አለበት። ኡቡንቱ የባለ 32 ቢት ዴስክቶፕ ቅጂ ማዘጋጀት እ.ኤ.አ. በ2017 አቁሟልና።

ሦስተኛው የዊንዶውስ ፈጣን አነሣስ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ዝጋ» የተባለው ኮምፒዩተር ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል፤ ከሥራው ከፊሉን በዲስኩ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። በዚህ ሁኔታ ሊኑክስ በዚያው ክፍል ላይ ቢጽፍ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ። ከመጫን በፊት ይህ አሠራር መጥፋት አለበት።

ከሁሉ የቀለለው፣ ግን ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው፣ የሰዓቱ ነገር ነው። ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያውን ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ሲይዝ፣ ዊንዶውስ ግን እንደ አገሩ ሰዓት ያነበዋል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ የተመለሰ ሰው ሰዓቱን ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኘዋል። ለደብዳቤ ጸሐፊ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሂሳብ ለሚመዘግብ ግን ቀኑ ራሱ ይሳሳታል። ሊኑክስ የአገሩን ሰዓት እንዲይዝ በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል።

ከላይ ከተዘረዘሩት መሰናክሎች አብዛኞቹ ከመሣሪያው እርጅና የመጡ አይደሉም። ሠንጠረዡም፣ የማስነሻው ዘዴም፣ ሰዓቱም ከፊተኛው ሲስተም ጋር የተደረጉ ስምምነቶች ናቸው። ሁለተኛው ሲገባ እነዚህን ስምምነቶች ያነበበ ባለሙያ ይሳካለታል፤ ያላነበበ መሣሪያውን ይወቅሳል። ላፕቶፕ በሌላ ላፕቶፕ ይተካል፤ ያለ ቅጂ የጠፋ መዝገብ ግን በምንም አይተካም። ስለሆነም የመጀመሪያው ሥራ መጫን ሳይሆን መገልበጥ፣ ቀጥሎም ማንበብ ነው።