አዳኞች የትልልቅ አውሬ ክብደት እንዴት ይለካሉ?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሚዛን ነው። የምናነሣው ግን የእህል ሚዛን አይደለም። በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ አዳኞች የጣሉትን ትልቅ አውሬ ክብደት እንዴት እንደሚለኩ እንነጋገራለን። «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ብንሰማ መልሱን እናገኘዋለን።

እስቲ በምሳሌ እንጀምር። ሦስት አዳኞች ተገናኙ እንበል። አንደኛው «የእኔ አጋዘን 80 ኪሎ ነው» አለ። ሁለተኛው «የእኔ 62 ኪሎ ነው» አለ። ሦስተኛው «የእኔ 45 ኪሎ ነው» አለ። ታዲያ የማን ይበልጣል? ስንሰማው የመጀመሪያው የሚበልጥ ይመስለናል። ነገር ግን ሦስቱም አጋዘኖች እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ምነው ቢሉ፥ አንደኛው የተናገረው አውሬው በቁሙ ሳለ የነበረውን ክብደት ነው። ሁለተኛው ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ የቀረውን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጭንቅላቱ፥ ቆዳውና የእግሩ ታችኛው ክፍል ተነሥቶ ሥጋው ከነአጥንቱ የመዘነውን ነው። ቁጥሩ የተለያየው አውሬው ስለተለያየ ሳይሆን የተመዘነው ነገር ስለተለያየ ነው።

አሁን ወደየአገሩ እንሂድ።

በአሜሪካ አዳኙ አጋዘኑን እንደጣለ፥ ሥጋው እንዳይበላሽ ሲል ሆድ ዕቃውን እዚያው ያወጣል። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱና ቆዳው እንዳለ ተሰቅሎ ይመዘናል። መለኪያቸው ፓውንድ ይባላል፤ 1 ፓውንድ 454 ግራም ገደማ ነው። እንዲህ የተመዘነ አጋዘን በቁሙ ከነበረው ክብደት ከአራት እጅ ሦስቱን ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ይይዛል። ሚዛን የሌለው ሰውም መላ አለው። ሜትር ይዞ፥ ልክ ከፊት እግሮቹ ኋላ፥ የደረቱን ዙሪያ ይለካል። ደረቱ በሰፋ መጠን ክብደቱ ይጨምራልና፥ ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ላይ ግምቱን ያነባል።

በጀርመን አገርም ሆድ ዕቃው የወጣውን፥ ጭንቅላቱና ቆዳው ያልተነሣውን ይመዝናሉ። ለሥጋ ነጋዴ ሲሸጡትም ብዙ ጊዜ በዚሁ ኪሎ ከነቆዳው ነው። ነጋዴው ቆዳ እንደማይበላ ያውቃል፤ ስለዚህ ይህንን አስቦ ዋጋ ይሰጣል። ሁለቱም የተመዘነውን ስለሚያውቁ አይጣሉም።

በስኮትላንድ ደግሞ ጭንቅላቱንና የእግሩን ታች ይቆርጣሉ፤ ቆዳውን ግን አይገፉም። መለኪያቸው ከጥንት ጀምሮ ስቶን የሚባል ነው። 1 ስቶን 14 ፓውንድ ነው፤ በእኛ አነጋገር 6 ኪሎ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው።

በስዊድን ሙስ የሚባል አውሬ አለ። ከአጋዘን ወገን ሲሆን፥ ትከሻው ከፈረስ ትከሻ ይበልጣል። የአደኑ ወራት ሲደርስ ሰዎች በቡድን ሆነው ያድኑታል፤ ሥጋውንም ይካፈላሉ። እነርሱ የሚመዝኑት ሆድ ዕቃው፥ ጭንቅላቱ፥ ቆዳውና የእግሩ ታች ከተነሣ በኋላ የሚቀረውን ብቻ ነው። ይህም በቁሙ ከነበረው ግማሹን ያህል ነው። እንግዲህ «ሁለት ኩንታል መዘነ» ካሉ፥ አውሬው በሕይወቱ አራት ኩንታል ገደማ ነበር ማለት ነው።

ስዊድኖች ይህንን የሚጽፉት ለጉራ አይደለም። የተገደሉትን የሙስ ጥጆች ክብደት በየዓመቱ ይመዘግባሉ። የጥጆቹ ክብደት ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ከሄደ፥ ምናልባት ለመንጋው የሚበቃ መኖ ጠፍቷል ብለው ይመረምራሉ። በሚመጣው ዓመት ስንት ይታደን የሚለውንም ሲወስኑ ያንን ያያሉ። ታዲያ አንዱ ከነቆዳው፥ ሌላው ያለ ቆዳው መዝኖ ቢጽፍ መዝገቡ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መንጋው ሳይከሳ የከሳ፥ ከስቶም የወፈረ ይመስላል።

ዝሆንስ? ዝሆንን ማን ይሰቅለዋል! በምሥራቅ አፍሪካ ዝሆን ሲታደን አዳኞች የሚመዝኑት ጥርሱን ነበር። አንዱ ጥርሱ 100 ፓውንድ፥ ማለት 45 ኪሎ ገደማ፥ ከመዘነ ትልቅ ዝሆን ተባለ ማለት ነው። ነገር ግን ጥርስ የሰውነትን ክብደት አይናገርም፤ ሰውነቱ ገዝፎ ጥርሱ ያነሰ ዝሆን አለና። ከዚህም ሌላ ትልልቅ ጥርስ ያላቸው እየተመረጡ ስለተገደሉ እየተመናመኑ ሄዱ። ኬንያ በ1977 እ.ኤ.አ. አደንን ከለከለች። በ1989 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብዙ አገሮች የዝሆን ጥርስ በዓለም ገበያ እንዳይሸጥ ተስማሙ።

የዝሆንን ሙሉ ክብደት ለማወቅ የደከሙ ሊቃውንትም ነበሩ። በዩጋንዳ የተገደሉትን ዝሆኖች እየቆራረጡ ክፍል በክፍል መዘኑ። የአንዱ የኋላ እግር ክብደት ከጠቅላላው ክብደት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አገኙ። በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍም አንድ የኋላ እግር ብቻ መዝኖ የዝሆኑን ክብደት መገመት እንደሚቻል አስረዱ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንይዛለን? ቁጥር ብቻውን አይበቃም። «ስንት መዘነ?» ካልን በኋላ «ምኑ ተመዘነ?» ማለት አለብን። እህል ስንሸጥ «ከነጆንያው ነው ወይስ ያለ ጆንያው?» እንላለን። የበግ ሥጋ ስንገዛ «ከነአጥንቱ ነው?» እንላለን። በሬ በዓይን መገመትን እናንተ ከልጅነት ጀምራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በዚህ እኛ ከእናንተ የምንማር እንጂ የምናስተምር አይደለንም። ነገር ግን የደረትን ዙሪያ በሜትር መለካት ለከብትም የሚሠራ ዘዴ ነው። ገዢው «ይህ በሬ ቀላል ነው» ቢል፥ ዓይናችንን የሚደግፍ ቁጥር በእጃችን ይኖራል።

አሁን ሁላችንም መጻፍ ችለናል። ስለዚህ በደብተራችን ኪሎውን ስንጽፍ፥ ከጎኑ የተመዘነውንም እንጻፍ። «50 ኪሎ ጤፍ፥ ከነጆንያው» ብለን ከጻፍን፥ ነገ ክርክር ቢነሣ ጽሑፉ ራሱ ይመሰክራል።

በመጨረሻ ይህንን ጥያቄ ተወያዩበት። አንድ ስዊድናዊ «ሙሴ 180 ኪሎ መዘነ» አለ። አንድ ሌላ ሰው «የእኔ በቁሙ 300 ኪሎ ነበር» አለ። የማን ይበልጣል? መልሱን ከነምክንያቱ ጻፉ።