«እኔ በአንተ ቦታ ብሆን»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ሐረግና ስለ «ኖሮ»



ዛሬ የምመለከተው ሁላችንም በትምህርት ቤት የተዋወቅነውን «ኢፍ አይ ወር ዩ» የተሰኘውን ሐረግ ነው። ተማሪ ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አይ» ካለ በኋላ «ወዝ» መከተል ሲገባው «ወር» ከየት መጣ? (የደመወዙ ወር እንዳይመስላችሁ።) ይህ «ወር» ኃላፊ ጊዜን አያመለክትም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ እውን ያልሆነን ነገር ይገልጥ የነበረ የግሥ ቅርጽ ቅሪት ነው፤ ዛሬ ተለይቶ የሚታየውም በዚህ በአንድ ግሥ ላይ ብቻ ነው። በዕለት ንግግር «ወዝ» የሚሉ አሉ፤ በመደበኛ ጽሑፍ ግን «ወር» ይመረጣል።

በአማርኛ «አንተን ብሆን» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ጆሮዬ አይቀበለውም። «በአንተ ቦታ ብሆን»፣ ባጭሩም «እኔ ብሆን አልሸጥም ነበር» እንላለን። እዚህ ላይ ነገሩ እውን አለመሆኑን የሚነግረን «ብ» አይደለም። «ቢያዩኝ እስቃለሁ፣ ባያዩኝ እሰርቃለሁ» የሚለው ተረት ሁለቱንም መንገድ ክፍት ይተዋል፤ ሊያዩትም ላያዩትም ይችላሉ። በሩን የሚዘጉት «ኖሮ» እና «ነበር» ናቸው።

ይህን ልዩነት ያስተማረኝ የሰዋስው መጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማማክራት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በይርጋጨፌ አካባቢ ቡና አምራቾችን ስትጠይቅ፣ በእንግሊዝኛ የተሰናዳው መጠይቅ እንዲህ ተተረጎመ፦ «የእሸት ቡና ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?» ትርጉሙን አይቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንድ አዛውንት፣ «አልጨመረም እኮ ልጄ፤ ያለፈው ምን ያደርግልሻል?» አሏት። ሌሎቹ ባለፈው ዓመት ሊከፍሉት ስላልቻሉት ዕዳ፣ ሳይከደን ስለቀረ ጣሪያ ነገሯት። እርሷ ማወቅ የፈለገችው ግን ገበሬው ወደፊት እንሰቱን ነቅሎ ቡና ይተክል እንደሆነ ነበር። እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፍ በአንድ ማሳ በሚኖሩበት በጌዴኦ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሁለት ወር ድካሟ የቁጭት መዝገብ ሆኖ ቀረ።

አልፍሬድ ብሉም በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቻይንኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ሐሳብ የተለየ ምልክት ስለሌለው ተናጋሪዎቹ «ባልሆነ ነገር» ላይ ማሰብ ይከብዳቸዋል የሚል ክርክር አንሥቶ ነበር። ቴሪ አው በ1983 እ.ኤ.አ. ስትሞግተው ካነሣቻቸው ነጥቦች አንዱ፣ የብሉም የቻይንኛ ታሪኮች ለቋንቋው ባለቤቶች ወዝ የሌላቸው መሆናቸው ነው። ይህን ሳነብ የእኛ መጠይቅ ትዝ አለኝ። አዛውንቱ ማሰብ አላቃታቸውም፤ የተጠየቁትን በትክክል መልሰዋል።

ተማሪዋ «ኖሮ»ን አውጥታ፣ «ቢጨምር ምን ያደርጋሉ?» ብላ እንደገና ሄደች። በዚህኛው ዙር ስለ እንሰቱ ነገሯት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።