ውሃና ንጽሕና በፎገራ

ወገኖቻችን፣ ጥር 10 ቀን ከተራ የተባለው «ከተረ» ከሚለው ቃል ነው፤ ውሃን ገደበ ማለት ነው። በበጋ ወንዙ ስለሚቀጥን ተከትሮ ይጠራቀማል። በማግስቱ፣ በጥምቀት፣ ካህናቱ ባርከው ይረጩናል። ጠበልም በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ ውሃን እንዲህ እናከብራለን።

ክረምት ሲመጣስ? ርብና ጉማራ ሞልተው ከወረታ እስከ ጣና ዳር ሜዳውን ያለብሱታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ስንቱን ከቤቱ አፈናቀለ! ጎርፉ የሰውን ዓይነ ምድር፣ የከብቱን እበት ጠርጎ ጉድጓዳችን ውስጥ ይጨምረዋል። ጭቃው ዘቅጦ ውሃው ቢጠራም ተዋሲያኑ አይታዩም። «ወራጅ ውሃ ምን ይሆናል?» የሚል አለ። እንዴ! ላይኛው መንደር የታጠበበትን እኮ ነው ታችኛው የሚጠጣው። ካህናቱ ውሃ ሲባርኩ ጉድጓድ የማጽዳቱን ሥራ ከእኛ አልወሰዱም። ልጅ የሚጠጣው ውሃ ይንተክተክ፤ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ እንስራውም ይከደን።