ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ እምቢ ሲል
(በካኩማ መጠለያ ጣቢያ ለመኪና ጥገና ሠልጣኞችና ለነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

መኪና የሌለው ሰው «ይህ ጉዳይ እኔን ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሌሊት ሰው ሲታመም የምንጠራቸው መኪኖች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም አሮጌዎች ናቸው።

ባለፈው ወር የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዲት እህታችን እኩለ ሌሊት ላይ ምጥ ይዟት የጎረቤታችን ፔጆ 504 ፒክአፕ ተጠራ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው በደንብ አዞረ፤ ሞተሩ ግን አልነሳም። ደጋግመው ሞከሩ። አንዱ ባትሪው ነው አለ፤ አንዱ ፖምፓው ነው አለ፤ ሌላው ካቻቪቴ ይዞ ካርቡራተሩን መፍታት ጀመረ። ልጆች ተሰብስበው በአሸዋው ላይ ገፉ። በመጨረሻ ባትሪው ደከመና ሁሉም ዝም አለ። እህታችን በሞተር ብስክሌት ተወስዳ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በሰላም ተገላገለች። መኪናው ምን ሆኖ እንደነበር ኋላ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ቁልፉን ስታዞሩ «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ፣ ወይም እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ፣ ችግሩ ባትሪው፣ የባትሪው ገመድ ወይም ሞተሪኖው ነው። ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ሞተሪኖው ሥራውን ሠርቷል። እንግዲህ መኪናውን መግፋት ምን ይጨምራል? መግፋት ሞተሩን ከማዞር በቀር ሌላ የሚሠራው የለም፤ እሱ ደግሞ ቀድሞውንም እየዞረ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለይ፤ ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው ያለውን ኃይል ሁሉ ሲወስድበት ለካንዴላ የሚተርፍ ያጣል። ያን ጊዜ መግፋት ይረዳል። ከዚያ ውጭ የልጆቹን ጉልበት ተዉላቸው።

ሁለተኛ፣ ቁልፉን ይዛችሁ አትቆዩ። አሥር ሰከንድ ያህል ሞክራችሁ እምቢ ካለ፣ ልቀቁትና ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት። ሞተሪኖው ሲግል ይቃጠላል፤ ባትሪውም ያልቃል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያልተነሳ ሞተር አራተኛው ላይ አይራራላችሁም። ኮፈኑን ክፈቱ።

የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ በትክክለኛው ሰዓት የሚደርስ እሳት፣ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን እና ያንን አምቆ የሚይዝ ኮምፕሬሽን ይፈልጋል። ሦስተኛው ባንድ ሌሊት የሚጠፋው ከስንት አንዴ ነው። ሞተሩ ከወትሮው እጅግ ቀልሎና ፈጥኖ ከዞረ ግን የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው መኪኖች ላይ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ማዞሩን አቁሙ። ፔጆ 504 ሰንሰለት ነው ያለው። ስለዚህ የእኛ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ እሳቱንና ቤንዚኑን መፈለግ ነው።

እሳቱን አስቀድሙ። ምክንያት አለኝ፤ እሳት የሚፈተነው የቤንዚን ቱቦ ሳይነቀል፣ አንድ ጠብታ ቤንዚን ሳይፈስ ነው። ቤቶቻችን በሸራና በእንጨት የተሠሩና የተጠጋጉ መሆናቸውን አትርሱ። መኪናውን ከቤት አርቁ፤ የሚያጨስም ይራቅ።

አንዱን የካንዴላ ገመድ ንቀሉ፤ ትርፍ ካንዴላ ጫፉ ላይ ሰኩ። የካንዴላውን ብረት ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ አስነኩት። በባዶ እጅ አትያዙት፤ በዚያ ገመድ የሚያልፈው ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ነው፤ እጀታው ላስቲክ በሆነ ደረቅ ፒንሳ ያዙት። አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ሰማያዊና ጠንካራ እሳት ከዘለለ እሳት አለ። ቢጫና ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ የስፒንተሮጅኑን ክዳን አንሱ። ክዳኑ ተሰንጥቋል? በውስጡ ጥቁር መስመር አለ? እርጥበት አለው? የታራች ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ውኃ ሲሸፍነው ያቆሙን ብዙ መኪኖች በደረቅ ጨርቅ ጠረጋ ብቻ ተነሥተዋል።

ከዚያ ፑንቲናውን እዩ። ሞተሩ ሲዞር ይከፈታል፣ ይዘጋል? ፊቱ ከተቃጠለ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ጥረጉት፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ፑንቲናው ደህና ሆኖ እሳቱ ደካማ ከሆነ ኮንደንሰሩንና ቦቢናውን ትጠረጥራላችሁ። ገመዶችን ስትነቅሉ ምልክት አድርጉባቸው። የ504 የእሳት ተራ 1-3-4-2 ነው፤ ገመድ ያቀያየረ ሰው በአንድ ችግር ላይ ሌላ ጨመረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ባለ አንድ ጋራዥ የእጅ ሥራ ስማር አንድ ባለ ታክሲ እንዲህ ያለ ችግር ይዞ መጣ። አለቃዬ አልነበሩም። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ብዙም ሳልመረምር «ፖምፓው ነው» አልኩት። ሰውዬው እህቱ ከዓረብ አገር ከላከችለት ገንዘብ ላይ ቆርሶ ፖምፓ ገዛ። ገጠምኩት፤ አልተነሳም። አለቃዬ ሲመለሱ የስፒንተሮጅኑን ክዳን አነሡና ፑንቲናው አልቆ መከፈት እንደተወ በጣታቸው አሳዩኝ። ሻጩም የተገጠመ ዕቃ አልመልስም አለ። አለቃዬ አልተቆጡኝም፤ የሰውዬው ፊት ግን እስካሁን ይታየኛል። እዚህ ካኩማ አንድ ዕቃ ለመግዛት ስንት ወር እንደሚጠራቀም ታውቃላችሁ። ሳትፈትኑ «ይህን ግዛ» የምትሉ ልጆች ይህን አስቡልኝ።

እሳት ካለ ወደ ቤንዚኑ እንሂድ። የአየር ማጣሪያውን አንሡና የካርቡራተሩን አፍ እዩ፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ የቤንዚን መስጫውን ገመድ በእጅ ሳቡት። ቀጭን የቤንዚን ፍጥጫ መታየት አለበት። ከታየ ካርቡራተሩ ቤንዚን አለው። ካልታየ ቤንዚኑ የቀረው ከዚያ በፊት በሆነ ቦታ ነው፤ ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ ቱቦ ወይም ሰልባትዮ።

አሁን የዚያች ሌሊት ነገር። ጠዋት ደርሼ እሳቱን ለማየት ሌላ ባትሪ ተዋስኩ፤ እሳቱ ጥሩ ነበር። ፍጥጫ ግን የለም። ዳሽቦርዱ ላይ የቤንዚኑ ጌጅ ግማሽ ያሳያል። ንጹሕ ዘንግ ወደ ሰልባትዮው ብሰድ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ጌጁ ተጣብቆ ነበር፤ ያን ቀን ማታ መኪናውን የነዳው የባለቤቱ ወንድም ጌጁን አይቶ አመነ። ከጀሪካን ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ጨርቅ አጥልለን ጨመርን፤ ካርቡራተሩ እስኪሞላ ትንሽ ዞረና ተነሣ። ሁሉም ሳቀ፤ ባለቤቱ ግን ለባትሪ ቻርጅ መክፈሉ አልቀረም። እኔም እንኳ ጥላው ሥር ተቀምጬ ፖምፓው ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር።

ሰልባትዮው ቤንዚን ካለው ክዳኑን ክፈቱና ስሙ። አየር ስቦ «ሽው» ካለ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል፤ ላላ አድርጋችሁ ሞክሩ። በቀትር ነድታችሁ ቆይታችሁ፣ ጥቂት አቁማችሁ ስትመለሱ እምቢ የሚለው ደግሞ ቤንዚኑ በሙቀት ቱቦው ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል። ፖምፓውና ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ አልብሱ፤ ጠብቁ፤ አትፍቱ።

በሌላ በኩል ቤንዚን የሚበዛበት ጊዜ አለ። ካንዴላው ርሶ ከወጣና ሽታው ከበረታ ቾኩን መልሱ፣ የቤንዚን መርገጫውን እስከ ታች ረግጣችሁ ያዙ፣ ሳትቆራርጡ አዙሩ። በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ እንዳለበት ከጠረጠራችሁ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣሉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ሲጠፋ ላምባ ያለበት ቅባት የመሰለ ምልክት ይተዋል።

ናፍጣ መኪና ካንዴላ ስለሌለው ይህ የእሳት ምርመራ አይመለከተውም፤ እዚያ መጀመሪያ የሚፈለገው ቱቦ ውስጥ የገባ አየር ነው። ስለ እርሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ኢንጀክሽን ያላቸው አዳዲሶቹም ላይ ቁልፉን ከፍታችሁ ከሰልባትዮው በኩል የፖምፓውን ድምፅ አድምጡ፤ ከሌለ ፊውዙን እዩ። የካርቡራተር መኪና ላይ የተማራችሁትን ይዛችሁ ገመዳቸውን አትንቀሉ።

እንግዲህ ያቺ ፔጆ ውጭ ዛፉ ሥር ቆማለች፤ ባለቤቱ ፈቅደውልናል። ጠዋት መጥቼ አንድ ነገር ነቅዬባታለሁ፤ ምን እንደሆነ አልናገርም። ፒንሳና ትርፍ ካንዴላ የያዘ ከፊት ይቅደም። ማን ቶሎ እንዳገኘ አይደለም የማየው፤ ማን በስንት ሙከራ እንዳገኘ ነው። ባትሪውን ደግሞ አታድርቁብኝ፤ ማታ ሰው ሊጠራት ይችላል።