ሆድ የሞላ፣ እንቁላል የጎደለ

እሷ፦ የመኖ ዋጋ አልቀመስ ብሏል! ጎረቤቴ ለዶሮዎቿ ፉርሽካ ብቻ መስጠት ጀምራለች።

እሱ፦ እንቁላሉስ?

እሷ፦ ቀንሷል። ግን ሆዳቸው ሞልቷል።

እሱ፦ ሆድማ ይሞላል! የእንቁላል ጣይ መኖ ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል።

እሷ፦ በቆሎ ትጨምርበታ።

እሱ፦ እሱ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። የኑግ ፋጉሎ ወይም አኩሪ አተር ይግባበት።

እሷ፦ አኩሪ አተሩ በጥሬው?

እሱ፦ ኧረ ተቆልቶ! ጥሬው በሆዳቸው ለመፈጨት ያስቸግራል።

እሷ፦ የእንቁላሉ ቅርፊት እየሳሳ የሚሰበረውስ?

እሱ፦ ካልሲየም አንሶ ይሆናል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት አለ፤ የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል።

እሷ፦ ቆይ፣ እንቁላላቸውን መብላት አይለምዱም?

እሱ፦ ልክ ነሽ፤ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ በደንብ መድቀቅ አለበት።

እሷ፦ ሻጋታ የነካው በቆሎ ግን ርካሽ ነው።

እሱ፦ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂ! አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። ፋጉሎም እርጥበት ካገኘው ያው ነው።

እሷ፦ እኔ ግን ለጎረቤቴ 10 ዶሮ ይሄ ሁሉ መደባለቅ አይታየኝም። በቀን 1 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ነው የሚበሉት፤ ዝግጁውን ብትገዛስ?

እሱ፦ ለ10 ዶሮ እንኳ እስማማለሁ። 200 ሲሆኑ እንነጋገራለን።