የድልድዩ ሁለት ጫፎች፦ በአባይ ድልድይ ላይ ስለ ብስክሌተኞች ደህንነት





ተወልጄ ያደግሁት በመንዝ፣ በዘመሮ ነው። በእኛ አገር መንገደኛ ሜዳውን እንደ ልቡ ይሄድበታል፤ አንዱን መንገድ ቢጠላ ሌላውን ይመርጣል። ገደል አፋፍ ሲደርስ ግን ምርጫው ያበቃል። መውረጃው አንድ፣ መሻገሪያውም አንድ ነውና ጭነት የጫነውም፣ ሽማግሌውም፣ ሕፃን ያዘለችውም እዚያው ይገናኛሉ። የከተማ ድልድይም እንዲሁ ነው። ብስክሌተኛ የሚያስፈራውን አውራ ጎዳና ትቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ በወንዝ ላይ ግን ውስጥ ለውስጥ የሚባል የለም። ስለዚህም የአንድን ከተማ የብስክሌት መንገድ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ከድልድዩ ቢጀምር አይሳሳትም።

ለዚህ ከባሕር ዳር የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አላገኘሁም። በጣና ዳር ሜዳ ላይ ያረፈችው ይህች ከተማ ከጥንትም በብስክሌቷ ትታወቃለች። አባይ ግን ለሁለት ይከፍላታል። አባይ ማዶ የሚኖረው ሠራተኛ፣ ወደ ዘንዘልማ ግቢ የሚሄደው ተማሪ፣ ወደ ጎንደር የሚያመራው የጭነት መኪና፣ ባጃጁና አውቶቡሱ ሁሉ ወንዙን ለመሻገር ወደ ድልድዩ ይመጣሉ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ስድስት ተሽከርካሪ ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ በግራና በቀኝም ለእግረኛና ለብስክሌት ስፍራ ተሰጥቶታል። ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለውን ጠባብ ድልድይ ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ቦታ መስጠትና ደህንነትን ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛውን በሦስት ነጥቦች ላስረዳ።

የመጀመሪያው መለያየት ነው። በአስፋልት ላይ የተቀባ መስመር ጨዋ አሽከርካሪን ያስታውሳል፤ የቸኮለውን ግን አያግደውም። መንገዱ ሲጨናነቅ ባጃጅ የሚታጠፈው ክፍት ወዳገኘው ቦታ ነው። በድልድይ ላይ ደግሞ ብስክሌተኛው የሚሸሽበት ዳር የለውም፤ በአንድ በኩል መኪና፣ በሌላው በኩል አጥርና ወንዝ አለ። የወንዝ ነፋስም ከጎን ይገፋዋል። ስለዚህ መስመሩ ከመኪናው በከፍታ ወይም በጠንካራ መከለያ ሊለይ፣ ሲንገዳገድ የሚበቃውም ስፋት ሊኖረው ይገባል። ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ክብደቱ ከእግረኛ ከፍ ብሎ ስለሚያርፍ የዳር አጥሩም በዚያው ልክ ከፍ ማለት አለበት።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። አንድ መኪና 380 ሜትሩን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ 27 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ፍጥነቱን ወደ 30 ቢቀንስ 46 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ሃያ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የግጭት ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በ50 የሚመጣው መኪና በ30 ከሚመጣው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ነው የሚመታው። «ትራፊኩ ይጨናነቃል» የሚል ወንድማችን ሲገጥመን ይህን ስሌት ብናቀርብለት መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ሳይክል ተሳፋሪዎች ናቸው።

ሦስተኛውና ዋናው የድልድዩ ሁለት ጫፎች ናቸው። ብስክሌተኛ በድልድዩ ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ከሚታጠፈው ታክሲና ከሚቆመው ባጃጅ መካከል የሚጣለው በድንገት ነው። ድልድዩ ከመንገዱ በሚገናኝበት ቦታ ያለው የብረት መጋጠሚያም ሌላ ፈተና ነው፤ ክፍተቱ ቀጭን ጎማ የሚውጥ ከሆነ ወይም በዝናብ የሚያንሸራትት ከሆነ ብስክሌተኛው መስመሩን ትቶ ወደ መኪናው ይወጣል። የውኃ መውረጃ ፍርግርጉም ዘንጎቹ ከጎማው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆኑ ወጥመድ ነው። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች መስመሩ ጥቅም ላይ እንዲውል ወይም ባዶውን እንዲቀር ይወስናሉ።

«ይህ ሁሉ ለአዲስ ድልድይ ነው፤ የድሮዎቹስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እገምታለሁ። በ1883 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኒው ዮርኩ የብሩክሊን ድልድይ ለረጅም ጊዜ እግረኛና ብስክሌተኛን በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሲያጋፋ ኖሯል። በ2021 ከተማው ድልድዩን አላሰፋም፤ ከመኪና መስመሮች አንዱን ወስዶ በመከለያ ለይቶ ለብስክሌት ሰጠ። የጎደለው ቦታ ሳይሆን አከፋፈሉ ነበር ማለት ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። በአዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። የቀረን የተሠራውን መስመር ቀን በቀን መጠበቅና መቀጣጠሉን ማረጋገጥ ነው።

ውድ ተማሪዎቼ፤ ለእናንተ አንድ ሥራ ልስጥ። አንድ ማለዳ በድልድዩ ሁለት ጫፎች ቁሙ። ስንት ብስክሌተኛ በመስመሩ እንደገባ፣ ስንቱ ከማለቁ በፊት ትቶት እንደወጣ፣ የትኛው ነጥብ ላይ እንደወጣም ቁጠሩ። መስመሩን ትቶ የሚወጣውን «ደንብ አያውቅም» ብላችሁ አትለፉት፤ ቀርባችሁ ለምን እንደወጣ ጠይቁት። ከእኛ ንድፍ ላይ የጎደለውን እርሱ በጎማው እየነገረን ነው። ያን ቆጠራ ይዛችሁ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ስትሄዱ የምትጠይቁት አዲስ ድልድይ አይሆንም፤ የመጋጠሚያ ክዳን፣ የመከለያ ድንጋይና የጥቂት ሜትሮች ቅጥያ ይሆናል። የአንድ ተማሪ ወይም የአንድ ሠራተኛ ሕይወት በእነዚያ ጥቂት ሜትሮች ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል።